የሁለት ሰው ደም

አክስቴ ወንድሜን የገደለው ጨው ነው እያለች ለእናቴ ስትነግራት የሰማሁት ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው እየነሰነሰች አበላችው። ደሙ ፈላ፣ ናላውን መታው፣ አለቀ። ሐኪሙም ጨው ጥሩ አይደለም ሲል በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። አክስቴ አንድ ነገር ከተናገረች ይግባኝ የለውም። እናቴ አልመለሰችላትም። እናቴ ስትስማማም ስትቃወምም ዝም ነው የምትለው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ዝምታዋን እንደሚመቸው ተርጉሞ ይሄዳል። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር የወንድሜ ሚስት ግቢውን ትጠርጋለች። የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ፣ ያንኑ የተጠረገውን ቦታ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ወንድማችን ይመጣል» አለች አክስቴ፣ ትልቁን አጎቴን ማለቷ ነው፣ «እንነጋገርና ወሩ ሳያልቅ ወደ ወገኖቿ ትሂድ። ልጅ አልወለደችለት፣ ምን ያስቀምጣታል?» ጫማዬን አደረግሁና ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ስምንት ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት። ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ወንድሜን የገደለው ጨው አይደለም። ሲጋራ ነው። በል አጭስ ብዬ ፈቃድ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህንን በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ግቢውን ሳቋርጥ እትዬ፣ የወንድሜን ሚስት የምጠራት እንዲህ ነው፣ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። የአክስቴን ንግግር እንደሰማች አውቃለሁ፤ እኔም እንደሰማሁ ታውቃለች። «ቁርስ ሳትበዪ?» አለችኝ። «ረፍዶብኛል» አልኳት። «ዝናብ ይመጣል፣ ዣንጥላዬን ያዢ» አለችና ከበሩ ኋላ አምጥታ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። አንድ ሰው ሊያባርሯት ያሰቡትን ሴት ዣንጥላ ተቀብሎ ዝም ብሎ መሄድ የሚችል መሆኑን ያን ዕለት ጠዋት ነው ያወቅሁት።

ዝናብ በእኛ ቤት ክፉ ነገር ነው። ወንድሜ የሚኖረው ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር፣ የእሱ መኝታ ቤትና የእኔ መኝታ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሃያ ምናምን ዓመት ያጨሰበት ኮርኒስ የሻይ ቀለም ይዟል። ከሞተ በኋላ መጋረጃውን አጥበናል፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተናል፣ ግድግዳውን በሳሙና ፈትገናል። ዝናብ ሲመጣና አየሩ ሲረጥብ ግን ሽታው ከግድግዳው ተመልሶ ይወጣል፣ አሁን ተነስቶ ሲጋራ እንደለኮሰ። አንድ ቀን እናቴ እህል እየለቀመች ሳለ ድንገት ቀና ብላ «ግድግዳው አጨሰ» አለች። ሳሉም አለ። በሕይወት ሳለ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳና ሳንባው ሊገለበጥ እስኪደርስ ይስል ነበር፤ እኔ በእሱ ሳል ነበር የምነቃው፣ የሚቀሰቅስ ደወል ገዝቼ አላውቅም። አሁንም በዚያው ሰዓት እነቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ጸጥታው ልክ ሊስል ትንፋሹን እንደሰበሰበ ሰው ዓይነት ነው። እናቴም በዚያ ሰዓት ከአልጋዋ ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ተነጋግረንበት አናውቅም።

ወንድሜን በመሥሪያ ቤቱ «ባቡር» ይሉት ነበር። ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፣ የወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ። እዚያ ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ በሩ ይወጣል፤ ባልደረቦቹም «ባቡሩ ጣቢያ ደረሰ» ይላሉ። ቀልደኛ ነበር፣ ከቀልዱ ጋር ለመጣላት ጨካኝ አንጀት ያስፈልግ ነበር። ከስምንት ወር በፊት አንድ ማክሰኞ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ አግብቶ ሁለተኛውን ሲፈልግ አልጋው ጫፍ ላይ ዘመመ። ቀኝ እጁ ከዳው፣ አፉ ተጣመመ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ የረጋ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር እንደዘጋ ነገረንና «ያጨስ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ሳንመልስ አክስቴ ቀድማ «ጨውስ? ጨው ምን ያደርጋል?» አለችው። ሰውየው ድካም የጣለው ነበር፣ «ጨውም ጥሩ አይደለም» ብሎ አለፈ። ይኸው ነው። ከዚያች «ም» ውስጥ ነው አክስቴ ይህን ሁሉ ክስ ያወጣችው።

ክሊኒኩ የደረስኩት ዝናቡ ሲጀምር ነው። የእኔ ክፍል ከመተላለፊያው መጨረሻ ያለችው ናት፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የደም መቁጠሪያ ማሽን፣ አንድ ፍሪጅና ክንድ የሚዘረጋበት ወንበር። ደም እቀዳለሁ፣ ማሽኑ ውስጥ እከታለሁ፣ ወረቀቱ ሲወጣ በመስኮቷ በኩል እሰጣለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱን አላየውም ነበር፣ የማየው የክንዱን መታጠፊያ ነው። ከወንድሜ ሞት ወዲህ ግን የሚያጨስ ሰው ገና ከበሩ ይታወቀኛል፣ በጣቶቹ ቢጫ ቀለም ወይም በልብሱ የሲጋራ ሽታ። እነሱ ሲቀመጡ እጄ ይከብደኛል።

ወንድሜ ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ የማተሚያ ቤት ጓደኛው ደም እያስታወከ ሞቶበት ፈርቶ መጣ። ሲፈራ አይቼው ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። ደሙን ቀዳሁለት፤ ውጤቱን እስክሰጠው የሲጋራ ፓኮውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «ስሚ፣ አንዲት ክፉ ቃል ብትነግሪኝ ይኼን እዚያ ቅርጫት ውስጥ ጥዬ እሄዳለሁ፣ በእናታችን ሞት» አለ። በውጭ ሰልፍ አለ፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስልኬ ይጮኻል። ወረቀቱ ወጣ። ሄሞግሎቢን፣ የቀይ ደሙ መጠን ማለት ነው፣ አሥራ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ነጭ የደም ሴል አሥራ ሦስት ሺህ። ሁለቱም አጠገብ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ነበረች። ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፣ አላወቅሁም ብል ውሸት ነው፤ ትምህርት ቤት ተፈትኜበታለሁ። ግን ቁጭ አድርጌ ባስረዳው ይከራከረኛል፣ ስንከራከር ሰልፉ ይረዝማል፣ ደግሞም ስንት ጊዜ ነግሬው ስቆ አልፏል። ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና ከቁጥሩ አጠገብ «የሁለት ሰው ደም!» ብዬ ጻፍኩለት። «ምን ትሆናለህ አንተ፣ ደምህ ለሁለት ሰው ይበቃል» አልኩት። ሳቀ። ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ፓኮውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ወደ ኪሱ መለሰና ወጣ። ገና በሩን ሳያልፍ ሲለኩስ በመስኮቷ አየሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ በቀለም የተጻፈ ነበር። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ አልጋው ራስጌ ለጠፈው። አቁም ያለውን ሰው ሁሉ ወደዚያ እያመለከተ «እህቴ ባለሙያዋ ናት የጻፈችው» ይል ነበር፤ ወረቀቱን ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ሐሰት መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ተው ያንን ወረቀት አውርደው ማለት እችል ነበር። አራት ዓመት ነበረኝ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ገባ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ጣቶቹ በሲጋራ ቢጫ የሆኑ። «እኔ ደህና ነኝ፣ የላከችኝ ሚስቴ ናት» አለ። ማሽኑ ወረቀቱን ሲያወጣ ቁጥሩን ሳላየው ያወቅሁት መሰለኝ። አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት። በመስኮቷ ሰጠሁት፤ ዓይኑን አጥብቦ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። «እህቴ፣ ይቺ ቀስት ምንድን ናት? ወደ ላይ ናት። ወደ ላይ ከሆነ ጥሩ ነዋ! የሚያስፈራው ደም ማነስ አይደል?» አለ። እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ነው የሚለው። ደም ማነስን ሲፈራ ያደገ ሰው ደም በዛ ሲሉት ደስ ይለዋል። ተነስቼ በሩን ከፈትኩና «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኩት። ከኋላው ሰልፍ ነበር። ሰልፈኛው አጉረመረመ፣ እኔም ያጉረምርም አልኩ።

«መኪናዎ ጭነት ይዞ የሚሄድ መስሎ ባዶውን ቢመላለስ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት። «ሌላ መኪና እጨምራለሁ» አለ፣ ምን ሊመጣ ነው በሚል ዓይን እያየኝ። «ሰውነትዎም ይኸንኑ አደረገ። ቀይ የደም ሴልዎ ከሳንባ አየር ጭኖ የሚያደርስ ነው። የሲጋራው ጭስ ውስጥ ያለ መርዝ ጋዝ የአየሩን ቦታ ይይዝበታል፣ ሴሉ ይዞራል፣ አየር ግን አያደርስም። ሰውነት አየር አነሰኝ ይልና ቀይ ሴል ይጨምራል፣ ይጨምራል። ደሙ ይወፍራል። ይቺ ቀስት ይኼ ናት እንጂ ጤና አይደለችም።» ከነጭ የደም ሴሉ ቁጥር አጠገብ ያለችውን ሁለተኛ ቀስት አሳየሁት። «ነጩ ሴል ወታደር ነው፣ ተሕዋስ ሲገባ ወይ ቁስል ሲኖር ነው የሚበዛው። ትኩሳት አለዎት?» የለኝም አለ። «ቁስልስ?» የለኝም። «ታዲያ ወታደሩ ማንን ሊወጋ ወጣ? ጭሱ የደም ሥርዎን ግድግዳ ከውስጥ ይፍቀዋል፣ ያስቆጣዋል። ብግነት ይሉታል። እሱ አያምም፣ ለዚህ ነው ክፉ የሆነው። የበገነ ግድግዳ ላይ ደም ይለጠፋል፣ ይረጋል። የረጋው አንድ ቀን ተነቅሎ ይሄዳል።» «ወዴት?» አለ። «ወደ ልብ። ወደ ጭንቅላት።» ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ካቆሙ ይወርዳል» አልኩት፣ «ወራት ነው የሚፈጀው። ይወርዳል።» ይህንን ስናገር ዕንባዬ መጣ። «አንቺ፣ ለምንድን ነው የምታለቅሺው? የምሞት ነኝ እንዴ?» አለ ደንግጦ። አልኮሉ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው አልኩት። ፓኮውን አውጥቶ ቅርጫት ውስጥ አልጣለውም፣ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። እጁን ደረት ኪሱ ላይ አድርጎ ወጣ። ግን ወደ ውጭው በር ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ክፍል ነው የዞረው። ስድስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ሰዓቴን አይቻለሁ። ለወንድሜ የነፈግሁት ያችን ስድስት ደቂቃ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ትልቁን ሶፋ ይዞ ተቀምጧል፣ ኮቱን አላወለቀም። አክስቴ ከጎኑ፣ እናቴ መስኮቱ ሥር። እትዬን ጠሯት። ገብታ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ግማሽ ጎኗን ብቻ አስቀመጠች፣ እጆቿ ከእቃ አጠባ እርጥብ ናቸው። አክስቴ የሚባለውን አለች፤ ጨውን አነሳች፣ ታናድደው ነበር የሚለውን ጨመረች፣ ሬሳ በወጣበት ቤት ባዳ ሲቆይ ደግ አይደለም አለች። አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገና «የምትይው አለሽ?» ብሎ እትዬን ጠየቃት። «የለኝም» አለች። እኔ ቆሜ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲደረግ ስንት ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ እከኩ ግን የእኔው ነው።

«ጨው አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ፓኮውን፣ ሰልፉን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ክፉ ቃል ንገሪኝ ብሎ የለመነኝን፣ የሳቅሁትን። ስናገር ከዝናቡ የተነሳ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር፣ ሁሉንም ይሸታቸዋል፣ አጎቴ እንኳ አፍንጫውን አሻሸ። ስጨርስ አክስቴ «ድካም ነው፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ ውሃ ስጧት» አለች። ውሃ የሰጠኝ ሰው የለም። እናቴ ከመስኮቱ ዞር ብላ አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን እማዬ?»

«ወረቀቱን ያን ዕለት ማታ አምጥቶ አሳይቶኛል። ማንበብ ባልችልም የእጅ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ፤ ሐኪሙ ስለ ማጨሱ ሲጠይቅ ነገሩ ገባኝ።»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ይህቺን ሰው…»

«ምን ልበል?» አለች እናቴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ልጄን ልጄ ገደለችው ልበል? ብዬስ የት ልግባ? እሷ ባዳ ናት፣ ትችለዋለች። ትሄዳለች፣ ወገን አላት። አንቺን ግን በየጠዋቱ ላይሽ ነው፣ ካንቺ ጋር ነው ማርጀቴ። በዚህ ቤት የገደለው ጨው ነው። እኔ እስክሞት ድረስ ጨው ነው። ሁለተኛ እንዳታነሺው።»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። አጎቴ ሰዓቱን አየ። እትዬ ከዱካዋ ተነሳች፣ ዱካዋን ወደ ቦታዋ መለሰች፣ ወጣች። እሷ ከሄደች እኔም አብሬያት እሄዳለሁ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ደመወዝ አለኝ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ መኖር ይቻላል፣ ማንም አይከለክለኝም። እናቴ ግን አጠገቤ መጥታ የእጄን አንጓ ያዘች፤ ያ ቃል እዚያው አፌ ውስጥ ቀረ። እስክትለቀኝ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ኋላ ክፍሎች ሄድኩ።

እትዬ ዕቃዋን ገና ያኔ ጠዋት፣ የአክስቴን ንግግር እንደሰማች ነው የሸከፈችው፤ ሁለት ሻንጣና አንድ በገመድ የታሰረ ካርቶን። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ያህል ነው። ከአልጋው ራስጌ ወረቀቱ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል፣ ዙሪያው ቢጫ ነው። «ጠይቄሽ አላውቅም፣ ወረቀቱ የት ሄደ እትዬ?» አልኳት። «በቀብሩ ማግስት ቀደድኩት» አለች። «እኔን እንዳይጠይቁኝ ብለሽ?» አልኳት። ምስጋናዬ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አልጋው ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። «ከዚያ ወረቀት በፊት በየቀኑ ነበር የምንጣላው። ፓኮውን እደብቅበት ነበር፣ ውሃ ውስጥ እነክረው ነበር፣ አንድ ጊዜማ በጥፊ ብዬዋለሁ፣ አልነገረሽም? ያን ቀን ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ግን ተውኩ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ካለች አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ደም ስታይ የኖረች ሴት፣ ለዚያውም እህቱ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ስገዛ ሲጋራውንም እኔ ነበርኩ የማመጣለት። አራት ዓመት፣ በገዛ እጄ። አምኜሽ ነበር።» ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «ስለዚህ ጨው ሲሉኝ ይቀለኛል። ጨውስ ማን አይበላም?»

ካርቶኑን ተሸከምኩላት፣ እሷ ሻንጣዎቹን ያዘች፣ ግቢውን አቋርጠን ወጣን። ዝናቡ አባርቷል። ታክሲ ቆመላት፤ ሹፌሩ ወርዶ ዕቃውን ሲጭን ሁለታችንም እጃችንን የምናደርግበት አጥተን ቆምን። ልስማት ጠጋ አልኩ፣ ጉንጯን ሰጠችኝ፣ ቀዝቃዛ ነበር። በዚህ መሃል እናቴ ከሳሎኑ በር ላይ ሆና ተጣራች። «ልጄ! ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።» ድምጿ ለስላሳ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ በዚያ ድምፅ ጠርታኝ አታውቅም።

እትዬ የታክሲውን በር ይዛ ወደ ቤቱ አየች።

«ግቢ» አለችኝ፣ «እየጠራችሽ ነው።»

ገባሁ።